ከልስኑ ጀርባ ያለውን ሳያውቁ አይብሱ፦ የኮንክሪት ማሰሪያዎች ዳሰሳ

የኮንክሪት ቪቴ ያለ ፊሸር፣ ያለ ዳዶ፣ ያለ ማጣበቂያ በቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባ ማሰሪያ ነው። ቀዳዳ ይበሳል፣ አቧራው ይወጣል፣ ቪቴው በቁልፍ ወይም በማሽን እየተሽከረከረ ይገባል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያልቃል። የጠነከረው ጥርሱ የቀዳዳውን ግድግዳ እየቆረጠ ለራሱ መንገድ ያበጃል፤ ክብደት ሲመጣም በዚያው በቆረጠው መንገድ ተቆልፎ ይይዛል። ለመግጠም ፈጣን ነው፣ ወዲያው ክብደት ይሸከማል፣ ሲያስፈልግም ተፈትቶ ይወጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ የግንባታ ቦታዎች ድሮ የኤክስፓንሽን ቦልት ብቻ የነበሩ ብዙ ሥራዎችን የተረከበው በዚህ ጠባዩ ነው።

ያም ሆኖ "ምርጡ ማሰሪያ ይህ ነው" ብሎ የሚሸጥልዎን ሰው አይመኑ። የኮንክሪት ቪቴ ጥቅም ሁሉ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ የቆመ ነው፤ ቀዳዳው ድፍን ኮንክሪት ውስጥ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከልስን ጀርባ ያለው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ብሎኬት ነው። ስለዚህ የማሰሪያ ምርጫ ከግድግዳው መጀመር አለበት፣ ከዚያ ወደ ፑንታው መሄድ አለበት፣ መደብር የሚደረሰው በመጨረሻ ነው ባይ ነኝ። እኛ የምናደርገው በአብዛኛው የተገላቢጦሹን ነው፤ መጀመሪያ ወፍራሙን ቦልት እንገዛለን፣ ግድግዳው ምን እንደሆነ የምናውቀው ከተበሳ በኋላ ነው።

ግድግዳ ላይ ዕቃ ማሰር ለረጅም ዘመን የእንጨት ሥራ ነበር። ግድግዳው በመሮ ይፈለፈላል፣ ተጠርቦ የተዘጋጀ የእንጨት ውታፍ ይቀረቀርበታል፣ ቪቴው ወይም ሚስማሩ እንጨቱ ላይ ይገባል። እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ዓመታት ባለፉ ቁጥር ውታፉ ይላላል። እንግሊዛዊው ጆን ጆሴፍ ሮውሊንግስ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ ከጁት ቃጫና ከእንስሳት ደም በተሠራ ማጣበቂያ የተዘጋጀች ትንሽ ውታፍ ይዞ ብቅ አለ፤ ግድግዳን በሰፊው መፈልፈል ቀርቶ በጠባብ ቀዳዳ መሥራት የተቻለው ያኔ ነው። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1958 ቃጫውን በናይሎን ተካው። ያ ግራጫ ውታፍ ዓለምን አዳረሰ፤ ዛሬ ከመርካቶ እስከ ሰፈር ሱቅ በካርቶን ተሞልቶ የሚሸጠው ፊሸር የእሱ ዘር ነው።

ፊሸር የሚይዘው በሰበቃ ነው። ቪቴው ሲገባ ፕላስቲኩ ይለጠጥና የቀዳዳውን ግድግዳ ይጫናል። ለሥዕል፣ ለመጋረጃ ዘንግ፣ ለትንሽ መደርደሪያ ይህ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ወጪ ማውጣትም አያስፈልግም። ግን የቪቴው ርዝመት የፊሸሩን ጫፍ ቢያንስ በራሱ ውፍረት ያህል አልፎ መሄድ አለበት። ያጠረ ቪቴ ከተደረገበት የፊሸሩ መጨረሻ፣ ማለትም ዋናው የሚይዘው ክፍል፣ ሳይለጠጥ ይቀራል፤ ሲጠብቅ የጠነከረ የመሰለው ነገር ከወራት በኋላ እየተንሸራተተ ይወጣል። ሌላው እሳት ነው። ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ በሕንፃ ማምለጫ መተላለፊያ አናት ላይ የሚንጠለጠል የኬብል መደርደሪያም ሆነ ቧንቧ በፕላስቲክ ፊሸር መታሰር የለበትም።

ከፊሸር ከፍ ሲል ኤክስፓንሽን ቦልት አለ። የቦልቱ ጫፍ ሾጣጣ ነው፣ በአንገቱ ዙሪያ የብረት ቀለበት ተጠምጥሟል። ዳዶው ሲጠብቅ ቦልቱ ወደ ውጭ ይሳባል፣ ሾጣጣው ቀለበቱን ይከፍተዋል፣ ቀለበቱ ኮንክሪቱን ነክሶ ይቆማል። በትክክል ከተገጠመ ብርቱ ማሰሪያ ነው። ሆኖም ኮንክሪቱን ከውስጥ ወደ ጎን እየገፋ ስለሚይዝ ጠርዝ አጠገብ ሲገጠም ገና ዳዶው ሲጠብቅ ኮንክሪቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ በአገጣጠም ነው። ዳዶውን ጫፉ ላይ ሳያደርግ ቦልቱን በመዶሻ የሚመታ ሠራተኛ የላይኛውን ጥርስ ይጨፈልቃል፤ ከዚያ ዳዶው ጥርሱ ላይ ይታገላል፣ ሠራተኛው "ጠብቋል" ይላል፣ ታች ያለው ቀለበት ግን አልተከፈተም። ሥራው ሲያልቅ ቦልቱ ከኮንክሪቱ አይወጣም፤ ያለው አማራጭ በግራይንደር መቁረጥ ነው።

በኮርኒስና በጣሪያ ሥራ የተለመደው ሌላው ዓይነት ውስጡ ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቱቦ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ከኮንክሪቱ ፊት ጋር እኩል ይሆናል፣ ከዚያ በልዩ መምቻ ዘንግ ውስጡ ያለው ሾጣጣ ይመታና ቱቦው ይከፈታል፤ የቧንቧና የአየር ማስተላለፊያ ማንጠልጠያ ዘንግ እዚያ ላይ ይታሰራል። ያንን ዘንግ ሳይጠቀም፣ በተገኘ ሚስማር ሁለት ጊዜ መትቶ የሚያልፍ ሰው ያልተከፈተ ቱቦ ትቶ ይሄዳል። ከታች ሆኖ ለሚያይ የተከፈተውና ያልተከፈተው አንድ ዓይነት ናቸው። ይህን ማሰሪያ በጅምላ በሚያስገጥም ሥራ ላይ ተቆጣጣሪው ሁሉንም ባይሆን የተወሰኑትን በመሳቢያ መሣሪያ ሳይፈትን መቀበል የለበትም።

የኮንክሪት ቪቴ የሚለየው ወደ ጎን የሚገፋ ነገር የሌለው በመሆኑ ነው። ስለዚህ ለጠርዝ ቀረብ ብሎ መግባት ይችላል፣ ሁለቱን ማቀራረብም ይቻላል፣ ዳዶ በማጥበቅ ልምድ ላይም ብዙ አይመካም። በምትኩ ሸክሙን ሁሉ ቀዳዳው ላይ ያደርጋል።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ለ8 ሚሊሜትር ቀዳዳ የተሠራ ቪቴ የጥርሱ ውጫዊ ስፋት ከ10 ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል። ጥርሱ በየጎኑ ኮንክሪቱን የሚነክሰው እንግዲህ 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአውሮፓ የማረጋገጫ ሰነዶች ላይ ለዚህ ቪቴ የሚፈቀደው የፑንታ ጫፍ ስፋት እስከ 8.45 ሚሊሜትር ነው። እጅ እየተወዛወዘ፣ ወይም ጫፉ ጠማማ በሆነ ፑንታ ቀዳዳው 9 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ከንክሻው ግማሽ የሚጠጋው ይጠፋል፤ ቪቴው ግን ይገባል፣ ይጠብቃልም፣ ጤነኛም ይመስላል። ተቃራኒውም አለ። የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ኮንክሪት ጠጠር በአብዛኛው የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የፑንታን ጫፍ በፍጥነት ይበላል። ጫፉ የተበላ ፑንታ ጠባብ ቀዳዳ ይሠራል፣ ቪቴው መሃል ላይ ይታነቃል፣ ሠራተኛው ሲያስገድደው አንገቱ ላይ ይቀነጠሳል።

ስለዚህ የኮንክሪት ቪቴ የሚገዛ ሰው ከማሰሪያው እኩል ለፑንታው ገንዘብ ይመድብ። ጥሩ ጫፍ ያለው፣ እየመታ ለሚበሳ ማሽን የተሠራ፣ ልኩ ግንዱ ላይ የተጻፈ ፑንታ ያስፈልጋል፤ ሥራ ላይ የቆየውን በካሊፐር መለካት የደቂቃ ሥራ ነው። ይህ ምክር በተለይ ከአሜሪካ በሻንጣ ለሚመጡት ሰማያዊ ቪቴዎች ይጠቅማል። እነሱ የተሠሩት በኢንች ነው፤ ሩብ ኢንች የሚባለው ቪቴ የሚፈልገው የ3/16 ኢንች ቀዳዳ ሲሆን ይህም 4.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እዚህ "ቅርብ ነው" ተብሎ በ5 ሚሊሜትር ፑንታ ሲበሳ፣ ጫፉ ከስሙ ትንሽ ስለሚሰፋ፣ ቀጭኑ ጥርስ የሚነክሰው ነገር ያጣል። ዘመድ ቪቴውን ሲልክ ፑንታውንም አብሮ ይላክ፤ ብዙ ጊዜ ለቪቴው ተብሎ የተዘጋጀው ፑንታ ከዚያው መደብር ይገኛል።

ቀዳዳው ቪቴው ከሚደርስበት 1 ሴንቲሜትር ያህል ጠለቅ ማለት አለበት፤ ጥርሱ የሚፈጨው ዱቄት የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ዱቄቱ በፓምፕ ወይም በቱቦ ተነፍቶ ይውጣ። ቪቴው ሲገባ በመዶሻ አይመታም። ጭንቅላቱ ብረቱ ላይ ሲቀመጥ ማቆም ያስፈልጋል፤ ሥራው የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ኃይለኛ ማሽን የያዘ ሰው "ለእርግጠኝነት" ብሎ አንድ ዙር ሲጨምር ቪቴው ባለበት ይሽከረከራል፣ ኮንክሪቱ ውስጥ የተቆረጠው መንገድ ይፈጫል። በጣት ሲነካ አይነቃነቅም፤ የመያዝ አቅሙ ግን ሄዷል። እንዲህ የሆነ ቪቴ ወጥቶ ቦታው መቀየር አለበት። ሲበሳ ፌሮ ካጋጠመም ፌሮውን መቁረጥ ክልክል ነው፤ የተተወው ቀዳዳ በጠንካራ ሞርታር ይደፈን፣ ወይም አዲሱ ቀዳዳ ከተተወው ጥልቀት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይራቅ።

ማሰሪያ ምን ያህል ይይዛል የሚለው ጥያቄ በግምት ይመለስ የነበረበት ዘመን አልፏል። ድፍን ኮንክሪት ውስጥ የተተከለ ብርቱ ማሰሪያ ሲነቀል ብቻውን አይወጣም፤ የሞሰብ ክዳን የመሰለ ሾጣጣ የኮንክሪት ቁራጭ ገንጥሎ ይወጣል። የሾጣጣው ጫፍ ማሰሪያው ግርጌ ላይ ነው፣ ሰፊው አፉ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ስፋቱም የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ ያህላል። ጀርመናውያኑ ቨርነር ፉክስና ሮልፍ ኤሊገሃውዘን ከአሜሪካዊው ጆን ብሪን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት የስሌት ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ሾጣጣ ላይ ነው። ዘዴው በ2002 ወደ አሜሪካ የኮንክሪት ሕግ ገባ፤ በ2018 በወጣው የአውሮፓ የማሰሪያ ሕግም መሠረቱ እሱው ነው። እኛ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጣናቸው የሕንፃ ደረጃዎች ከአውሮፓ የተወሰዱ በመሆናቸው ለመሐንዲሶቻችን እንግዳ ቋንቋ አይደለም።

ስሌቱ የሚነግረን ቁም ነገር ከጥንካሬ ይልቅ ጥልቀት እንደሚከፍል ነው። የኮንክሪቱ ጥንካሬ እጥፍ ቢሆን የሾጣጣው አቅም የሚያድገው ወደ 1.4 እጥፍ ብቻ ነው፤ ጥልቀቱ እጥፍ ቢሆን ግን አቅሙ 2.8 እጥፍ ይሆናል። እዚህ አገር የተለመደውን ሲ-25 ኮንክሪት እንውሰድ። ስንጥቅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ፣ 5 ሴንቲሜትር ውጤታማ ጥልቀት ያለው አንድ ማሰሪያ ኮንክሪቱን ገንጥሎ ለመውጣት 12 ኪሎ ኒውተን ገደማ፣ ማለትም የ1,200 ኪሎ ክብደት ያህል ይፈልጋል፤ 7 ሴንቲሜትር ሲሆን ወደ 20 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። ይህ የደህንነት ህዳግ ከመቀነሱ በፊት ያለው የኮንክሪቱ አቅም ብቻ ነው፣ የማሰሪያው የራሱ ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ውጤታማ ጥልቀት ሲባል ደግሞ የቪቴው ርዝመት ሙሉ አይደለም። የቪቴው ሹል ጫፍ አይቆጠርም፤ ልስኑም ፈጽሞ አይቆጠርም። የኛ ልስን 2 እና 3 ሴንቲሜትር መሆኑ የተለመደ ነው፤ 7 ሴንቲሜትር ቪቴ ገዝቶ ለማሰሪያው ሳህን ጥቂት፣ ለልስኑ 3 የሰጠ ሰው ኮንክሪት ውስጥ ምን ቀረው ብሎ ማስላት አለበት።

ጠርዝና መቀራረብም በዚሁ ሾጣጣ ይገባናል። 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ማሰሪያ ከጠርዝ 4 ሴንቲሜትር ላይ ቢገባ ሾጣጣው በአንድ ጎን ስለሚጎድል አቅሙ በሲሶ ይቀንሳል። ሁለት ማሰሪያዎች በ5 ሴንቲሜትር ርቀት ቢተከሉ ሾጣጣዎቻቸው ስለሚደራረቡ የሁለት ማሰሪያ አቅም አይሰጡም፤ የአንዱን 1.3 እጥፍ ብቻ ይሰጣሉ። "ስጋት ስላለኝ አጠገቡ አንድ ጨመርኩበት" የሚለው ልማድ ብዙ ጊዜ ፋይዳ የሌለው ለዚህ ነው። አንዱን ጠለቅ አድርጎ መትከል ይሻላል።

አሁን ወደ ቤታችን ግድግዳ እንመለስ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰፊው የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ኮለኑና ቢሙ አርማታ፣ ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ነው። የብዙዎቹ ወለል ደግሞ በተገጣጣሚ ቢሞች መካከል ባዶ ብሎኬት ተደርድሮ ከላይ ስስ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው። ከታች ሆኖ ጣሪያውን የሚበሳ ሰው ወይ ቢሙን ወይ የብሎኬቱን ቅርፊት ያገኛል። ቅርፊቱ ውፍረቱ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ነው፤ ቢሙን ሲያገኝ ደግሞ ታችኛው ፌሮ ቅርብ ነው፣ እሱም ሊነካ አይገባም። የብሎኬቱ ጥሬ ዕቃ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን ደግሞ ቅርፊቱ ይበልጥ ልስልስ ነው። የኮንክሪት ቪቴ እዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ቢይዝ ነው፤ ኤክስፓንሽን ቦልትም ቅርፊቱን ሰብሮ ይከፈታል።

የመታጠቢያ ቤቱን የውሃ ማሞቂያ ለምሳሌ እንመልከት። የ50 ሊትር ማሞቂያ ውሃ ሲሞላ ከነቆርቆሮው 70 ኪሎ ያህል ነው። የክብደቱ መሃል ከግድግዳው 20 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ላይኛው ብሎን ማሞቂያው ከታች ግድግዳውን ከሚደገፍበት ነጥብ 40 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቢሆን፣ ሁለቱን ብሎኖች ወደ ውጭ የሚስባቸው 35 ኪሎ ብቻ ነው፤ ለአንዱ 17 ኪሎ ተኩል። ቁልቁል ደግሞ እያንዳንዱ 35 ኪሎ ይሸከማል። ለድፍን ኮንክሪት ይህ ምንም አይደለም፤ ትንሹ ቪቴ እንኳ ብዙ እጥፉን ይችላል። ማሞቂያው ከግድግዳ ጋር ወርዶ የሚገኘው ቦልቱ ቀጥኖ ሳይሆን የብሎኬቱ ቅርፊት ተሰብሮ ነው። እንዲህ ካደረገ በኋላ ከ10 ወደ 12 ሚሊሜትር ቦልት መሸጋገር ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ቅርፊቱን ይበልጥ ያደክማል።

የሚታጠፍ ክንድ ያለው የቴሌቪዥን ማንጠልጠያ ደግሞ በትንሽ ክብደት ብዙ ይጎትታል። 20 ኪሎ ቴሌቪዥን ክንዱ 50 ሴንቲሜትር ሲዘረጋ፣ የግድግዳው ሳህን ቁመት 20 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ የላይኞቹ ብሎኖች በ50 ኪሎ ይሳባሉ። ክንዱ በተዘረጋ በታጠፈ ቁጥር ኃይሉ ይመላለሳል፣ ልጅ ሲንጠለጠልበትም ይጨምራል። ብሎኬት ላይ ቴሌቪዥን የሚሰቅል ሰው ክንድ የሌለውን፣ ከግድግዳ የሚጣበቀውን ዓይነት ይምረጥ።

ግድግዳው ምን እንደሆነ ማወቅ ከባድ አይደለም። በቀጭን ፑንታ፣ በማይታይ ቦታ አንዴ መብሳት ይበቃል። ልስኑ ያልፋል፣ ከዚያ ፑንታው ጥቂት ታግሎ ድንገት ወደ ባዶ ከወደቀ ብሎኬት ነው። ትግሉ ሳይቋረጥ፣ ግራጫ ደቃቅ ዱቄት እየወጣ ከቀጠለ ኮለን ወይም ቢም ላይ ነዎት። ኮለን አብዛኛውን ጊዜ በክፍሉ ማዕዘን፣ ቢም ከጣሪያው ሥር ይገኛል፤ ከበርና ከመስኮት አናት ላይም የአርማታ መሸፈኛ አለ። ከባድ ዕቃ ወደ እነዚህ ቦታዎች ቢሳብ የማሰሪያ ጥያቄው ግማሹ ተመልሷል። ያ የማይቻል ሲሆን ብሎኬት ላይ የሚሠራ መላ አለ፤ ባዶው ውስጥ ገብቶ የሚቋጠር ረጅም የናይሎን ፊሸር ለመካከለኛ ክብደት፣ በወንፊት እጅጌ ውስጥ የሚገባ የኬሚካል ሞርታር ለከበደው፣ በጣም ለከበደው ደግሞ ግድግዳውን አልፎ በወዲያኛው ጎን በብረት ሳህን የሚታሰር ቦልት። ቤት በመሥራት ላይ ያለ ሰው ከሁሉ የተሻለ ዕድል አለው፤ ማሞቂያና የወጥ ቤት ቁም ሣጥን የሚሰቀልበትን ቦታ አስቀድሞ ወስኖ እዚያ ያሉትን ብሎኬቶች በኮንክሪት ያስሞላ። ወጪው ከአንድ ካርቶን ቦልት አይበልጥም።

የኬሚካል ማሰሪያን ካነሳን አይቀር ሁለት አደጋዎችን መጥቀስ ግድ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ የመኪና መተላለፊያ ዋሻ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው የነበሩ የኮንክሪት ሰሌዳዎች ወደቁ፣ በመኪና ስታልፍ የነበረች ሴት ሞተች። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራ ያገኘው ምክንያት የማሰሪያው ኢፖክሲ ነበር፤ ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት በማያቋርጥ ክብደት ሥር በዝግታ እየተለጠጠ ብሎኖቹን ለቀቃቸው። ታኅሣሥ 2 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በጃፓን በሳሳጎ ዋሻ ከ100 ሜትር በላይ የሚሆን ጣሪያ ተደርምሶ 9 ሰዎች ሞቱ፤ የጣሪያው ማንጠልጠያ ብሎኖች በማጣበቂያ የተያዙ ነበሩ፣ ዋሻው ከተከፈተ 35 ዓመቱ ነበር። ኬሚካል በትክክል ሲሠራ እጅግ ብርቱ ነው፤ ለጠርዝም ለፌሮ ቅጥያም ተወዳዳሪ የለውም። ቀዳዳው ግን መነፋት፣ በብሩሽ መፈግፈግ፣ እንደገና መነፋት አለበት፤ አቧራ ላይ የተጣበቀ ኢፖክሲ ከአቧራው ጋር ይወጣል። ከሰው ራስ በላይ ዘወትር ለሚንጠለጠል ክብደት ኬሚካልን የመጀመሪያ ምርጫ ማድረግ ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ድፍን ኮንክሪት ጣሪያ ላይ የኮንክሪት ቪቴ የሚበልጠው እዚህ ነው፤ ብረት ኮንክሪትን ነክሶ ስለያዘ በዝግታ የሚለጠጥ ነገር መሃል የለም።

ኮንክሪት መሰንጠቁ ደግሞ ተፈጥሮው ነው፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ በቀዳዳው በኩል ያልፋል። አንድ ማሰሪያ በአውሮፓ ፈተና ለተሰነጠቀ ኮንክሪት ብቁ የሚባለው እስከ ግማሽ ሚሊሜትር በተከፈተ ስንጥቅ ውስጥ ተፈትኖ ነው፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ በሚደረገው ጥብቅ ፈተና ስንጥቁ 0.8 ሚሊሜትር ይደርሳል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የጀመሩት፣ አንዳንዶቹም በመጠን ከ5 ያለፉት ንዝረቶች አዲስ አበባ ድረስ ሲሰሙ ብዙ ሰው ያሰበው ስለ ኮለንና ስለ መሠረት ነው። ከላይ የተንጠለጠለው ቧንቧ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ የሕንፃ ፊት ላይ የተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳም የሚወድቀው በማሰሪያው ነው። ለእነዚህ የሚገዛ ማሰሪያ ሣጥኑ ላይ ለተሰነጠቀ ኮንክሪት የተፈተነ መሆኑ የተጻፈበት፣ ጭንቅላቱ ላይ የአምራቹ ምልክትና ልኩ የተቀረጸ መሆን አለበት። ምልክት የሌለውን ከሰው ራስ በላይ አልጠቀምም።

ስለ ዝገት አጭር ቃል። ስስ ዚንክ የተቀባ ቪቴ ለደረቅ የቤት ውስጥ ሥራ ነው። የኮንክሪት ቪቴ ጥርሱ እንዲቆርጥ ስለሚጠነክር፣ እርጥበት ላይ ሲውል ዝገቱ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ተሰባሪ እየሆነ ድንገት ሊቀነጠስ ይችላል። ለውጭ ሥራ አይዝጌ ብረት ያስፈልጋል፤ ያ ብረት ብቻውን ኮንክሪት ለመቁረጥ ስለሚለሰልስ ጥሩዎቹ አምራቾች ጫፉ ላይ የጠነከረ ብረት ይበይዱበታል። ውድ ነው። ጅቡቲ ወይም በባሕረ ሰላጤው ጨው ያለበት አየር ውስጥ ለሚሠራ ባለሙያ ግን ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

ፍርዴን በአጭሩ ልስጥ። ድፍን ኮንክሪት ላይ፣ ልኩን የጠበቀ ፑንታ ላለው ሰው፣ የኮንክሪት ቪቴ ከኤክስፓንሽን ቦልት ይሻላል፤ በተለይ ጠርዝ አጠገብ፣ ጣሪያ ላይ፣ እና ተፈትቶ በሚነሳ ጊዜያዊ ሥራ ላይ። አንዴ የወጣ ቪቴ ግን ጥርሱ ተበልቷል፤ አምራቹ በመለኪያ ቱቦ ፈትሾ መልሶ መጠቀም እንደሚቻል ካልገለጸ በስተቀር ለሌላ ኮንክሪት አይዋል። ብሎኬት ላይ የኮንክሪት ቪቴ አይገዛ። የበረንዳ መደገፊያ ላይ ደግሞ ድርድር የለም፤ ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥልበት፣ ማሰሪያው የወለሉ ጠርዝ ላይ የሚያርፍ፣ ዝናብ የሚመታው ነገር ነው። እሱን መሐንዲስ ያስላው፣ ሲያልቅም ይፈተን።

አሁን በአዲስ አበባ በአሉሚኒየም ፎርምወርክ ግድግዳቸው ሳይቀር በኮንክሪት የሚሞላ ሕንፃዎች እየበዙ ነው። እዚያ ቤት የገባ ሰው ጎረቤቱ ብሎኬት ላይ የለመደውን ፊሸር መድገም የለበትም፤ ብሎኬት ቤት ያለውም የእሱን ቪቴ መዋስ የለበትም። ቤት የምታስረክቡ ተቋራጮችና ማኅበራት ከቁልፉ ጋር አንድ ወረቀት ስጡ፤ በየክፍሉ የቱ ግድግዳ ኮንክሪት፣ የቱ ብሎኬት እንደሆነ፣ ቢምና ኮለኑ የት እንዳለ፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ። ሥዕሉ ከሕንፃው ፕላን ላይ አስቀድሞ አለ፤ ነዋሪው እጅ ማድረስ ብቻ ነው የቀረው።